ፍሮኒ፣ ኪትዝቢውል የምሄደው እኔ ነኝ

ፍሮኒ፣

ሾርባው ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብዪ። ድመቷ በልታለች፣ ራበኝ ብላ ብትጮህ አትመኛት።

እኔ ኪትዝቢውል፣ የበረዶ ሸርተቴው ከተማ፣ ሄጃለሁ። ሁለት ቀን በረዶ ላይ እንንሸራተትና ቅዳሜ የቁልቁለት ሸርተቴ ውድድሩን መድረሻው ጋ ቆመን እናያለን።
ከማን ጋር እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አምና ኮርቢኒያን ለዚሁ ውድድር የጋበዘው እኔን ነበር። ስልኬን ቤት ረስቼ ሥራ ስሄድ፣ ሲደውል አነሳሽና «ትራውድል ትኩሳት ይዟታል፤ እኔ ልምጣ?» አልሽው። በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ጥሎኝ የሄደ መስሎኝ ሶፋው ላይ ሳለቅስ፣ አንገቱ ላይ ተጠምጥመሽ ስትጮኺ በቴሌቪዥን አየሁሽ።
ነገሩን አንድም ቀን አላነሳሁብሽም።

ይህን ስጽፍ ሻወር ውስጥ እየዘፈንሽ ነው። ቅድም ስልክሽ ጮኸና አነሳሁት።

«ፍሮኒ ተዘጋጀች?» አለ ኮርቢኒያን፣ ድምፄን ለይቶ።

«ውይ፣ ምስኪን! ትኩሳት ይዟታል። እኔ ልምጣ?» አልኩት።

«በይ ቶሎ ነይ፣ ባቡሩ እንዳያመልጠን!»

ተሻላት ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀም። አምና ስለኔም አልጠየቀሽም፣ አይደል?

ፀጉርሽን አድርቀሽ እስክትጨርሺ ባቡሩ ሄዷል።

ጓንትሽን ወስጃለሁ፤ የኔ ተቀዷል። ይቅርታ። ለጓንቱ ማለቴ ነው።

እኔ የፈለግኩት ውድድሩን ነው። ኮርቢኒያንን ሰኞ እመልስልሻለሁ።

ትራውድል