ኬክ ቤቴን ግራጫ ላለበሱልኝ ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የከተማ ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከዋናው መንገድ ጥግ ኬክ እየጋገርኩ እተዳደር የነበርኩት ሴት ጤናዬ እጅግ ደህና ነው። የሚያደክመኝ የኬክ ደንበኛ ስለሌለ አርፌአለሁና፣ ለዕረፍቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሱቆች ሁሉ ከታፔላ እስከ መዝጊያ አንድ ዓይነት ግራጫ እንዲቀቡ ባዘዙ ጊዜ፣ ታላቅ እህቴና እኔ ቢሮዎ ድረስ መጥተን ነበር። ሮዙ በራችን ስማችን እንደሆነ፣ ፊደል ያልለዩ ልጆች ቀለሙን አይተው እናቶቻቸውን እየጎተቱ እንደሚያመጡልን፣ ይልቁንም የቀኝ ጎረቤታችን የሬሳ ሣጥን ሠሪ መሆኑን በትሕትና አስረዳን። እርስዎም ከስልክዎ ቀና ሳይሉ፣ “ሰው የሚበላው ኬኩን ነው እንጂ በሩን አይደለም” ብለው አሰናበቱን። ከዚህ ጥበብ ያገኘሁትን በረከት እንድዘረዝር ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ዱቄቱ ያው፣ ቅቤው ያው፣ የሚያቦካውም ያው የእህቴ እጅ ሆኖ ሳለ፣ በሩ በተቀባ ሰሞን ደንበኞቻችን ኬኩ የቆየ የቆየ ይላል ማለት ጀመሩ። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል የሚባለውን ተረት በሥራ ስላሳዩን ባለውለታዎ ነን። እህቴ ገና ከምድጃ የወጣ ኬክ ይዛ የመቼ እንደሆነ ስትጠየቅ፣ ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር።

ሁለተኛ፣ አንድ ጎልማሳ ዓይኑ ቀልቶ ገባና ለእናቱ እንደሚፈልግ ነገረኝ። የልደት መስሎኝ ፈገግ ብዬ፣ “ለስንት ሰው የሚበቃ ይሁን?” አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና፣ “ለእሷ ብቻ” አለኝ። እኔ ጅሏ ደግሞ ምን እንዲጻፍበት እንደሚሻ ጠየቅኩት። መስታወቱ ላይ ተደግፎ ሲንሰቀሰቅ ነው የገባኝ። አብሬው ወጥቼ የጎረቤቴን በር አሳየሁት።

ሦስተኛ፣ የሠርግ ኬክ ልታዝ የመጣች እናት ከሙሽራ ልጇ ጋር የጎረቤቴን መዝጊያ ገፍታ ገባች፤ ክዳኑ ገና ካልተገጠመ የሬሳ ሣጥን ጋርም ተፋጠጡ። ልጅቷ ራሷን ስታ ወደቀች። እናትየዋ ነገሩን እንደ ክፉ ምልክት ቆጥራ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው፤ ከዚያ ወዲያ ሠርግ የሚባል ነገር በእኛ በኩል አላለፈም።

እህቴ ምድጃውን አጥፍታ ሆስፒታል ወጥ ቤት ተቀጠረች። እዚያ እንኳ ግድግዳው ቢጫ ነው ትለኛለች። ጎረቤቴ፣ እግዜር ይስጠው፣ በመካከላችን ያለውን ግድግዳ አፍርሶ ሱቄን ከሱቁ ቀላቀለ፤ ለእኔም ሣጥኖቹን ከውስጥ ጨርቅ የማልበስ ሥራ ሰጠኝ። ክሬም የለመደ እጅ ለሳቲን እጥፋት ይመቻል። ደንበኛ ሞልቶናል፤ ስለ ቀለሙም ያማረረ የለም።

ሐሳብዎ ሁሉ እንደ ጎዳናችን አንድ መልክ ይኑረው እያልኩ፣ በከፍተኛ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞዋ ኬክ ጋጋሪ

ማሳሰቢያ፦ ጎረቤቴ የክቡርነትዎ ቀን ሲደርስ ሣጥኑን በነፃ እሠራለሁ ብሏል፤ ውስጡን የምሰፋው እኔ ነኝ። ቤተሰብዎ ቀለም ልምረጥ ብሎ እንዳይደክም፣ በሕይወት ሳሉ መመሪያዎን ቢሰጡኝ።