ለሰናይት የላክኋቸው ምሰሶዎች

ዓርብ፣ ኅዳር 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

አራት ፎቶ ጫንኩ። ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ከተቀመጥኩበት ጊዜ አብዛኛው ያለቀው በመጠበቅ ነው። አንደኛው ከበራችን ፊት ለፊት ያለው የመብራት ምሰሶ። ሁለተኛው የአሠሪዬ የማዳም ድመት፣ ሉሉ። ሦስተኛው ቆሻሻ መጣያው። አራተኛው ማንም የማይቆምበት የአውቶቡስ ፌርማታ። በዘጠኝ ዓመት ከአል ዐይን ከተማ የማውቀው ይህንኑ ነው።

ካሜራው የማዳም ልጅ የሐሊማ አሮጌ ካሜራ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የፎቶ ገጹንም የከፈተችልኝ እሷ ናት። «ምሰሶ ለምን?» ብላ ሳቀችብኝ።

ለምን እንደሆነ እዚህ ልጻፈው። የታላቅ እኅቴ የዘውዲቱ ልጅ ሰናይት ደሴ ውስጥ ደላላ ይዛለች። እንደ እኔ ሰው ቤት ልትሠራ ልትመጣ ነው። ሃያ ዓመቷ። እስከ ዛሬ የምታየው ፎቶ እዚህ ሰው ቤት የሚሠሩትን ሴቶቻችንን ነው፤ ዓርብ ዓርብ አቡ ዳቢ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ተሰብስበው፣ አንድ ቦርሳ በየተራ ይዘው፣ የማያውቁትን ሰው መኪና ተደግፈው የሚነሡትን። እኔ ከበሩ ላይ የሚታየውን ላሳያት ብዬ ነው። ባዶ መንገድ፣ ግንብ፣ ምሰሶ። አይታ ትቅር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ሐሊማ ኮምፒውተሯን ለአሥር ደቂቃ ሰጠችኝ። አንድ የማላውቀው ሰው ከምሰሶው ሥር «ግሩም ነው» ብሎ ጽፏል። እሱም ምሰሶ ያነሣል፤ ገጹ ሙሉ ምሰሶ ነው። ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜ።

ሰናይት ገና አልጻፈችም።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ጻፈች። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ስለጻፈችው ቀስ እያልኩ ነው ያነበብኩት።

«አክስቴ፣ ምሰሶው ቀጥ ማለቱ! የእኛ ሰፈሩ እኮ በገመድ ታስሮ ነው የቆመው። መብራት ከጠፋ ደግሞ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ።»

ስለ ቆሻሻ መጣያው፦ «ክዳን አለው!»

ስለ ፌርማታው፦ «ግፊያ የለም ማለት ነው።»

ከሉሉ ፎቶ ሥር ሐኪም ቤት ደርሳ መመለሷንና የቆርቆሮ ዓሣ እንደምትበላ ጽፌ ነበር። ለመቀለድ። ሰናይት ምን አለች? «ድመት እንዲህ ከተያዘች ሰው እንዴት ይያዝ ይሆን!»

ያስቀራታል ያልኩት ሁሉ ጠራት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዘጠኝ ዓመት መብራት ሳይጠፋብኝ ኖሬ፣ ምሰሶ ለደሴ ሰው ምን እንደሆነ ረስቻለሁ።

አምና ጥርሴ አሞኝ ሦስት ቀን ፊቴ ሲያብጥ ማዳም የራስ ምታት ክኒን ሰጠችኝ። እሱን አልጻፍኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ማዳም ከምሳ በኋላ ስትተኛ ለዘውዲቱ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ልጅቷን አትላኪያት።»

«ለምን?»

«ሥራው ከባድ ነው።»

«እዚህስ ምን ቀላል አለ? አንቺ ዘጠኝ ዓመት ከተቀመጥሽበት ማዕድ ልጄን በምሰሶ ታባርሪያለሽ? ቀናሽ እንዴ?»

«በምኗ ልቅና?»

«ሳሎናችን የተሰቀለው ፎቶሽ ምን ይላል? መኪናሽን ተደግፈሽ!»

መኪናው የማዳም ነው። በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ሾፌሩ ሲያጥበው ተደግፌ ፎቶ ተነሣሁ፤ መሬቱ ላይ ውሃው ይታያል። ያኔ የእኔ ነው አላልኩም። አይደለምም አላልኩም። ሰናይት ያንን ፎቶ እያየች ነው ያደገችው። እኔ ከነዚያ ባለ ቦርሳዎቹ በምን እሻላለሁ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ክፍሌን ፎቶ አነሣሁ። ፍራሹ። የልብስ ማጠቢያው ማሽን። የሚተኮስ ልብስ ክምር። ቁልፍ የሌለው በር። መስኮት የለም። ፓስፖርቴ በማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ስለሆነ እሱን ማንሣት አልችልም።

ኢንተርኔት ቤት እስከምሄድበት ዓርብ ድረስ መጠበቅ አይሆንም። ሰናይት ሐሙስ ለጤና ምርመራ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ቪዛ ነው። ሐሊማን ጫኚልኝ አልኳት። አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«ይህ እኮ ቤታችን ነው። ሰው ምን ይለናል? ማማ ካየች ታባርርሻለች።»

እዚያው አጠፋችው። «ኸላስ፣ በቃ፣ አልማዝ» ብላ ካሜራውን መለሰችልኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። እዚህ ቤት ተወልዳ ያደገች ናት፤ ክፍሉን ያየችው ግን ዛሬ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ደወልኩ። እናቷ ገበያ ሄዳ ነበር፤ ሰናይት ራሷ አነሣች። ፎቶ የለም፤ ስለዚህ ተናገርኩ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንደምነሣ። ጥርሴን። ፓስፖርቴን። የማዳም ወንድም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያንን ቁልፍ የሌለውን የክፍሌን በር እንደከፈተና የጋለ ካውያ ይዤ እስኪወጣ እንደቆምኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። መኪናውም የእኔ አይደለም አልኳት።

«እሱንማ አውቃለሁ፣ አክስቴ። አንቺና መንዳት!» አለች።

ሳቅን። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«እንዲህ ከሆነ ለምን አትመጪም?»

ስምንት ምክንያት መጣልኝ፤ አንዱም ለእሷ የሚነገር አልነበረም። እኔን ያቆየኝ ሁሉ እሷንም የሚያመጣት ነው።

«አንቺ ነይ፤ እኔም እቀራለሁ» አለች። ቀልድ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልሳቀችም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ጠዋት ማዳምን ፓስፖርቴን ጠየቅኋት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ማን ታመመ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን?»

«አገሬ ልገባ።»

አልተቆጣችም። «ከዒድ በኋላ እናያለን» አለች። እናያለን እምቢ ነው ወይስ እሺ? በዘጠኝ ዓመት አልለየሁትም።

ወዲያው ወደ ደሴ ደወልኩ፣ ጠይቄያለሁ ልላት። ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። ሚካኤል ነው፤ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሆናል። ሰናይት ልትሳፈርበት የነበረው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ደግሞ የሚነሣው ጎህ ሲቀድ ነው።

አሁንም ደወልኩ። ይጠራል።