በጾም የሌለ ወተት

ሐምሌ 28፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ካርቶን እየወረደ ነው። ዝናብ። አይሱዙው ከሱቄ ደጅ ጭቃ ውስጥ ተተክሏል። ወዛደሮቹ የለበሱትን ሸራ ገፈው ካርቶኑን አለበሱልኝ፤ እነሱ በሰበሱ። እግዜር ይስጣቸው፣ አንዲት ብስኩት አልራሰችም።

አንዱን ከፈትኩ። ደነገጥኩ። ላስቲኩ ላይ ርግቧ የለችም! ብቸና ላይ ይሄን ብስኩት በስሙ የሚጠራ ሰው አላውቅም። «ባለ ርግቧን ስጪኝ» ነው፣ ገበሬውም፣ መምህሩም፣ አፉን በቅጡ ያልፈታው ሕፃንም። አሁን በርግቧ ቦታ ጥቁር መነጽር ያደረገ ልጅ ቆሟል። በእጁ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆው ወተት ሲፈናጠር። የማን ልጅ እንደሆነ እንጃ። የኛ አገር ልጅ ግን አይደለም፤ በነሐሴ ዋዜማ ጫማው ጭቃ አልነካውም።

ቢኒ ደወለ። ቢኒ የፋብሪካው የማርኬቲንግ ልጅ ነው፣ አ.አ. ተቀምጦ «ማዘር» የሚለኝ። ኦዲየንሱ ተቀይሯል አለኝ። ድሮ እናት ትመርጥ ነበር፤ ዛሬ ልጅ ስልክ ላይ አይቶ ይመርጣል፣ እናት ትከፍላለች። ርግብ የአያቶች ናት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደግሞ ሌላ ነገረኝ፦ አዲሱ በዚህ ነሐሴ ካልተንቀሳቀሰ አለቆቹ ወኪልነቱን ከእኔ ነጥቀው ለሌላ ይሰጣሉ።

አንቺ ደብተር፣ ታውቂያለሽ። ባሌ ካረፈ ወዲህ ይቺን ቤት ያቆመቻት ባለ ርግቧ ናት። ልጄን ትግስቴን ያስተማረቻት እሷ ናት። የኔ ቀን ደግሞ በአንድ መነጽራም ልጅ ይለቅ?

ዕቅድ አለው ቢኒ። ፍልሰታ ሲገባ የከተማው ልጅ ሁሉ ቤ/ክ ነው። ከቅዳሴ መልስ በነጻ ይቅመሱ፣ ትግስት ትቅረጽና ስልክ ላይ ትልቀቀው። ይሄስ ደስ ይላል። ብልህ ልጅ ነው፣ ይባረክ።


ነሐሴ 1፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬ ጾም ገባ። ልጆቹ ነጠላቸው እየጎተታቸው፣ እናቶቻቸው እየጎተቷቸው። ሲቆርቡ አየሁ፤ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ዓይናቸው ብቻ ሲስቅ። ጠበል ጠጡ። ከቅጥሩ ውጭ ካርቶኔን ፈትቼ አደልኩ። እንደ ንብ ሰፈሩብኝ። አንዷ ትንሽ፣ ለሕፃን ወንድሟ ብላ ሁለተኛ ለመነችኝ፤ ወንድም እንደሌላት አውቃለሁ፣ ሰጠኋት።

ትግስት ቀረጸች። አመስግኛለሁ። ልጆች ጠግበው ሲሄዱ ከማየት በላይ ምን አለ።


ነሐሴ 3፣ ጠዋት

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ሱቄን እየጠረግሁ ያልጋነሽ ገባች። ጎረቤቴ፣ የማኅበር ጓደኛዬ፣ ልጇን በእጄ ያዋለድኳት። የብስኩቱን ላስቲክ ይዛለች። ሰላምታ የለም። ላስቲኩን አፍንጫዬ ሥር ዘረጋችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ወተት አይደለም? የቆረበ ልጄን አስገደፍሽብኝ!»

ማስታወሻዬ፣ ሐምሌ 28 የጻፍኩትን መልሰሽ አንብቢልኝ። ብርጭቆውን አይቻለሁ። ሲፈናጠርም አይቻለሁ። ለርግቧ ሳለቅስ ወተት ወተት መሆኑ ትዝ አላለኝም! ባለ ርግቧ የጾም መሆኗን አገር ያውቃል፤ እኔም በዚያው ልማድ ሄድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜ፣ በእመቤታችን ጾም የደብሩን ልጆች ላስገድፍ?

ቢኒ ጋ ደወልኩ። ሳቀ። ማዘር፣ ጠብታ ወተት የለበትም፣ አሠራሩ የድሮው ነው፣ የተጨመረው ሽታና ሥዕል ብቻ ነው አለ። ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የደስታ። ለአንድ ቃል እንዲህ ተመስገን ብዬ አላውቅም።


ነሐሴ 4፣ ማታ

ያልጋነሽ አላመነችም። ሰው በገዛ ዕቃው ላይ የሌለውን ይሥላል ወይ? ትላለች።  መንደሩ አንድ ላይ ዞረብኝ። ሱቄ ጭር አለ። ስኳር እንኳ ከማዶው ሱቅ ገዙ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የኔ ስም ከመቃብር በታች ሊውል ነው መሰለኝ።

የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ላስቲኩን አገላብጠው አነበቡ። ወተት አላገኙም፣ «የወተት ጣዕም» አገኙ። እሱ ምንድን ነው አሉኝ። ሽታ ነው አልኩ፣ ቢኒ እንዳለኝ። ላስቲኩን መለሱልኝ።

«አንቺ ነሽ የምትይኝ፣ ወይስ ሻጮቹ?»

«እኔ ነኝ አባ።»

ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ተናገሩ። ልጆቹ አልገደፉም፣ ወተት የለበትም፣ አትጠገብ ነግራኛለች፣ ቃሏን እኔ አምናለሁ አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። የእሳቸውን ስም አውጥተው ከኔ ስም ጎን አቆሙልኝ። ምን ብዬ እከፍላለሁ?

ሰላምታ ተመለሰ። ያልጋነሽ ግን አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ብስኩቱን የሚነካ የለም። ጆሮ አምኖ ዓይን እንቢ ሲል እንዲህ ነው። ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረው መነጽራሙ ልጅ ከየጎኑ ያየኛል።


ነሐሴ 6፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ከሞጣ መልስ

ደክሞኛል። ግን ካልጻፍኩ አልተኛም።

ትናንት ሐጂ ሰይድ ደወሉ። የሞጣው ወኪል ናቸው፤ ከባሌ ጋር ወዳጆች ነበሩ። ጉዴን ሰምተዋል። እሳቸው ጋ ባለ ርግቧ ገና ብዙ አለች። እንለዋወጥ አሉኝ፤ አዲሱን አምጪ፣ የድሮውን ውሰጂ። እኛ ሰፈር ወተት የሚያስፈራው የለም ብለው ሳቁ።

በጠዋት ጭኜ ወጣሁ። ደብረ ወርቅ ላይ ጉም፣ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የነዳ። ሞጣ ስደርስ ሐጂ ራሳቸው ከመንገድ ቆመው ጠበቁኝ። በዚህ ዝናብ! ለምሳ ቤት አስገቡኝ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ዘይነባ ሽሮ ሠርተዋል። ሥጋ ባልነካው አዲስ ድስት። ለኔ ብለው ከገበያ ያስገዙት። ድስቱን ከፍተው አዲስነቱን አሳዩኝ፣ ልቤ እንዳይጠራጠር። እንባዬ መጣ፣ በርበሬው ነው አልኩ።

ካርቶኑ ተጫነ። ልሳፈር ስል ሐጂ አንድ ነገር ጠየቁኝ። አንዲት እናት አለች፣ ልጇ ከስቶባት ጤና ጣቢያ ወተት ስጪው ተብላ የምትጨነቅ። ወተት ስታጣ ይሄን አዲሱን ሥዕል ስልክ ላይ አይታ ደስ አላት፣ ካመጡልኝ እሱን ልስጠው ብላ ጠይቃለች።

«ወተት አለበት አይደል፣ እህቴ?»

ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። ተሳፈርኩ። እጄን አወዛወዝኩ። መልስ አልሰጠሁም።


ነሐሴ 8

ባለ ርግቧ ብቸና ገባች። ተሻሙባት። ያልጋነሽም ገዛች፤ ፈገግ ሳትል ገዛች። የሐጂ ደግነት ቤቴን ሞላው። ተመስገን።

ተመስገን እያልኩ ያልመለስኩት የሐጂ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ አለ። አልወጣም አለኝ።

ቢኒ ጋ ደወልኩ። ያቺን እናት ነገርኩት።  የተማረውን ነገረኝ፦ ለየታዳሚው የየራሱ መልእክት ይባላል። ለጾመኛው ወተት የለበትም በይ፤ እውነት ነው። ለሌላው ዝም በይ፤ ሥዕሉ ይናገራል። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ብቸናም ላይ ሥዕሉ ይናገር።

በጾም የሌለ ወተት በፍስክ ከየት ይመጣል? አልኩት።

ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ማዘር፣ ይሄን ጮክ ብለሽ ካልሽ ወኪልነቱ ይሄዳል፣ እኔም ላድንሽ አልችልም አለ። ክፉ ልጅ አይደለም። ከልቡ ፈርቶልኛል። ስለ ፍርሃቱም አመሰገንኩት።


ነሐሴ 10፣ ከሰዓት

የትግስት ቪዲዮ ብዙ ሰው አየው። ልጆቹ ነጠላ ለብሰው ሲሻሙ። ፋብሪካው ወዶታል፣ ደግማ ትሥራ ተብላለች፤ አሁን በሞጣ፣ ከብርጭቆ ወተት ጋር። ልጄ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አኮረፈች። ለምን አልኳት።

«እማ፣ የለም ብለሽ አባን አስመሰከርሽ። አለ ብለሽ ደግሞ ሐጂን ልታስመሰክሪ ነው?»

በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ወጥ ላማስል ተነሳሁ። ምን ወጥ፣ ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም።

እንዲህ ያለች ልጅ የሰጠኸኝ አምላክ፣ ተመስገን። አሁን ግን ትንሽ ብታስተኛኝ።


ነሐሴ 11፣ ጠዋት

ደወልኩ። ሐጂ፣ ወተት የለበትም፣ ሽታ ነው፣ ያን ዕለት ልነግርዎ ሲገባ ክላክስ ተነፋብኝና ሮጥኩ አልኩ። በአንድ ትንፋሽ።

የዝናቡ ድምፅ ከሞጣም ይሰማል።

ያቺ እናት ሁለቴ ወስዳለች አሉ።   ቤቷን አውቀዋለሁ፣ አሁኑኑ እሄዳለሁ ብለው ዘጉት። አንድ ቃል አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ምናለ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የዝምታስ ወለምታ?

በዚያው ቀን፣ 11 ሰዓት። ደወሉ! ልጁ ደኅና ነው። እናቲቱን አግኝተው ነግረዋታል። ላማቸው ታልባለች፤ ልጁ እስኪያገግም ወ/ሮ ዘይነባ ጠዋት ጠዋት ይልካሉ። ብስኩቱን አንስተው ከመደርደሪያው ጀርባ አዙረውታል፣ መነጽራሙ ልጅ ግድግዳ እያየ ነው አሉና ሳቁ። ሳቃቸውን ስሰማ እኔም ሳቅሁ፣ እያለቀስኩ። ብትዘገዪም ነግረሽኛል አሉ። ይሄን ይቅርታ ልሸከመው አልችልም፣ ግን አልመልሰውም።


ነሐሴ 13፣ ቡሄ

ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። ሙልሙል አደልኩ። ሁሉም ጋ ገብተው እኔ ጋ ሳይገቡ ይቀራሉ ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ገቡ፣ ጨፈሩ፣ ምረቃቸውን ተቀበልኩ።

ከትግስት ጋር ተማከርኩ። ወኪልነቱ ከሄደ ምን እንበላለን አልኳት። ስኳር፣ ሻማ፣ ሳሙና አለን አለች። ደግሞ ትምህርቷን እንደምትጨርስ፣ ደግሞ ያኔ እኔ እንደማርፍ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ የምታስበው እንዲህ ነው። አመንኳት።

የካርቶን ክዳን ቀደድኩ። ትግስት በወፍራም ቀለም ጻፈች። አንዱ ለኛ፣ አንዱ በሚኒባስ ለሞጣ። «ወተት የለበትም። ሥዕል ነው። ብስኩቱ ጥሩ ነው።» የመጨረሻውን እኔ ነኝ ያስጨመርኩት። ጥሩ ነዋ! ልጄን አሳድጎልኛል። ውለታውን መርሳት አልወድም።

ሐጂ ሰቅለውታል። እሳቸውም ወኪልነታቸውን ሊያጡ ይችላሉ፤ ነገርኳቸው። አብረን ስኳር እንሸጣለን አሉ።


ነሐሴ 16፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ጾም ተፈታ። እንኳን አደረሰሽ፣ ደብተር። ከተማው ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

ባለ ርግቧ አልቃለች። ወደ ሞጣ ሳልጭነው የቀረውን አዲሱን አወጣሁ። የጻፍንበትን ካርቶን ከሱቄ በር ላይ ሰቀልኩ። ሰው ያልፋል፣ ያነባል፣ ይሄዳል። መነጽራሙና እኔ ተፋጠጥን።

ያልጋነሽ መጣች። ልጇን ይዛለች፣ ያን የቆረበውን። ካርቶኑን አነበበች። ደግማ አነበበች። ዛሬ እኮ ፍስክ ነው፣ ማን ይጠይቅሻል፣ አንሽው አለችኝ። አላነሳም አልኩ። ቆየች።

«በፍስክም የለበትም ካልሽ፣ በጾሙም እውነትሽን ነበር።»

ይሄንኑ ብቻ። ከዚያ ለልጇ ገዛችለት። እኔው ፊት ላስቲኩን ቀደደችና አንዱን ቆርሳ ራሷ ቀመሰች። ባለ ርግቧ ናት እኮ! አለች። ናት አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ፤ ጉንጬ ላይ ፍርፋሪ ቀረ። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ቆመዋል፣ እነሱም ካርቶኑን እያነበቡ።

ትግስት ቀርጻዋለች። ካርቶኑንም፣ ያልጋነሽንም፣ ፍርፋሪውንም። ልልቀቀው? አለችኝ። ልቀቂው አልኩ። ለቀቀችው።

ስልኬ እየጠራ ነው። ቢኒ ነው። አይቶታል ማለት ነው።  ላነሳው ነው። ለዚያ ልጅ መጀመሪያ እንኳን አደረሰህ እለዋለሁ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚለኝ ሰምቼ፣ ያለውን ቢል፣ ካርቶኑ ከሱቄ በር ላይ አይወርድም እለዋለሁ።