ቃላቸውን ያላጠፉት የቴሌግራፍ ሠራተኛ፣ ኤልካና ሃውንሴል (1889–1961)

አቶ ኤልካና ሃውንሴል ከአባታቸው ከአቶ ኢዮብ ሃውንሴልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትሪፊና ፓርዲ፣ በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ በብሌክ ኮቭ መንደር እ.ኤ.አ. በ1889 ተወለዱ። በስምንት ዓመታቸው አባታቸውን ባሕር ወሰደባቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ተማሩ፤ ከዚያ በላይ የሚያስተምር አልነበረም።

በ1909 ኮረብታው ላይ የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ ሲከፈት የሞርስን ምልክት ተምረው ተቀጠሩ። የተቀበሉትን መልእክት ከተላከለት ሰው በቀር ለማንም ላይናገሩ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ማሉ። ሥራው አድካሚ ነበር። ማዳመጫው ጆሯቸውን እያቆሰለ፣ ከነፋስና ከመብረቅ ጩኸት መካከል ነጥብና ሰረዝ ሲለቅሙ ይውሉ ነበር።

በመጋቢት 1913 «ኤልሳቤት ግሬስ» የተባለችው፣ በባሕሩ በረዶ መካከል የባሕር እንስሳት የሚታደንባት መርከብ በበረዶው ተጨፍልቃ ሰጠመች። የሟቾቹን ስም ሌላ መርከብ ፊደል በፊደል ሲልክ የተቀበሉት አቶ ኤልካና ናቸው። ሰባተኛው ስም የታላቅ ወንድማቸው የሳይለስ ነበር። መልእክቱ የተላከው ለመርከቧ ባለቤቶች ስለነበር፣ እነሱ እስኪያሳውቁ ሁለት ቀን አለፈ።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ወይዘሮ ትሪፊና ለሳይለስ ካልሲ እየሠሩ «ልጄ፣ ከበረዶው ምን ወሬ አለ?» ይሉ ነበር። አቶ ኤልካና «ምንም የለም፣ እማዬ» ብለው የቀረበላቸውን ዓሣና ድንች በሉ። በሦስተኛው ቀን ቄሱ መርዶውን ሲያረዱ እናት የተናገሩትን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። «የወንድምህን ሞት በሆድህ ይዘህ ከእጄ በላህ? እንዴት ወረደልህ?» ከዚያ በኋላ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ ልጃቸውን ወሬ ጠይቀዋቸው አያውቁም።

አቶ ኤልካና በ1916 ከወይዘሮ ኬዝያ ብላግደን ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። አርባ ዓመት አገልግለው በ1949 ጡረታ ወጡ። ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ለረጅም ጊዜ ሲማቅቁ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 1961 አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና አንዲት እህታቸው ቀርተዋል።

ይህን የጻፍኩት እኔ እህታቸው ዶርካስ ነኝ። ወሬው በመጣ ዕለት ምሳ ይዤላቸው ወደ ጣቢያው ወጥቼ ነበር። መልካቸውን አይቼ «ወንድም ዓለም፣ ሳይለስ ሞተ እንዴ?» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ገባኝ። ቤት ተመልሼ ለእናቴ የካልሲውን ክር ጠቀለልኩላት። ቂሟን ሁሉ በእሳቸው ላይ ስትጥል ዝም አልኩ፤ ስታጣጥርም ዝም አልኩ። ወንድሜ በአርባ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «ዶርካስም ታውቅ ነበር» አላሉም። እሳቸው ዝም ያሉት ስለማሉ ነው። እኔ ግን አልማልኩም ነበር። አሁን ደክሞኛል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከእናታችን ጎን ያሳርፍ፤ እኔ እስክደርስም እውነቱን ለእሷ ይንገርልን።