ከእኔ ቀድማ ለምትደርሰው እናቴ

እምየ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን ደኅና ነው። ዝናብ ያስገባ የነበረውን የጣራውን ጥግ አዲስ ቆርቆሮ አስመትቼዋለሁ። የጠላ ጋኖችሽን ለጎረቤታችን ለእትየ ዘውዴ ሰጠኋት፤ አጥባ ደጅ ስትደረድራቸው አንቺን ትመስለኛለች። መኝታሽን ግን አላነሳሁትም። ይህ የቤት ወሬ ነው። የቀረውን እንዲህ ሰው ሁሉ በሚያየው ደብዳቤ የምጽፍልሽ፣ ካረፍሽ በኋላ ያዩሽ ሰዎች ስላሉ ነው። እነሱም ያንብቡት።

በሰብዓዊ መብትና በማኅበራዊ ፍትሕ ላይ ለሚሠሩ ሴት ጋዜጠኞች የሚሰጠው ፌሎውሺፕ፣ አንቺ ታመሽ ሳለሽ ያመለከትኩበት፣ ካረፍሽ በኋላ ደረሰኝ። ምንነቱን ሳስረዳሽ “ደቦ ነዋ” ብለሽኝ ነበር። ልክ ነበርሽ። አሠለጠኑኝ፤ አንድ ታሪክ ይዤ ወራት እንድከታተል ጊዜ ሰጡኝ፤ ሥራዬን እያየች የምታርምልኝ ሰላማዊት የምትባል አንጋፋ ጋዜጠኛ መደቡልኝ። ምን ልትሠሪ ነው ሲሉኝ፣ ባላቸው ሲሞት የባል ዘመድ ከመሬታቸው የነቀላቸውን ሴቶች አልኩ። አንቺን እያሰብኩ እንደሆነ አልተናገርኩም። ደግሞስ ምን አውቅና? አባቴ ሲሞት ገና ጡት አልተውኩም ነበር። ከሮብ ገበያ ከተማ ማዶ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ አዝለሽኝ ወርደሽ ማርቆስ እንደገባሽ ብቻ ነው የማውቀው። ስጠይቅሽ “መሬት ነበረን፤ ከዚያ የለንም” ብለሽ ፊትሽን ወደ ሥራሽ ትመልሺ ነበር። የፊት ጥርስሽ ስለ ጎደለ ንግግርሽ ያፏጭ ነበር። እኔ በሬዲዮ “እንደምን ዋላችሁ” ስል፣ አንቺ ከሬዲዮኑ ፊት ቆመሽ “እግዚአብሔር ይመስገን” እያልሽ ትመልሺልኝ እንደነበር እትየ ዘውዴ ነግራኛለች።

መጀመሪያ የሄድኩት ቁይ ነው፤ ተዘግቶ የነበረው መንገድ የተከፈተ ሰሞን። እማማ አትጠገብ የሚባሉ ባልቴት እንዳሉ ሰምቼ፣ መምጣቴን በዚያ አገር ለማንም ሳልናገር፣ ቀትር ላይ ቤታቸው ደረስኩ። ደጁ ላይ በርጩማ ወጥቶ ቁርበት ተነጥፎበታል።

“ዘገየሽ” አሉኝ።

ማን እንደነገራቸው ጠየቅኳቸው።

“ትናንት በዚሁ ሰዓት አንዲት ሴት መጥታ ነበራ። ልጄ ድምፅ መቅረጫ ይዛ ትመጣለች፣ ሳትደብቂ ንገሪያት አለችኝ።” ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። “ጥርሷ ጎደሎ ነው መሰል፣ ቃሏ ያፏጫል።”

ጥርሱ የጎደለ ስንት ሰው አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ታሪካቸውን ቀርጬ ተመለስኩ።

ቀጥሎ ሮብ ገበያ አጠገብ የሺ የምትባል ሴት ዘንድ ሄድኩ። ባሏ የሞተባት፣ የልጆች እናት ናት፤ የባሏ ወንድም ማሳዋን ወስዶባት በሰው መሬት ድንች ስትኮተኩት አገኘኋት። ገና ሰላም ሳልላት ቀና ብላ “የበላይነሽ ልጅ ነሽ?” አለችኝ።

ስምሽን ስትጠራው፣ እናቴን የት ታውቂያታለሽ አልኳት።

“ሰሞኑን ከዚያ ከጉሙ ውስጥ ወጥታ መጣች። ስሟን ነገረችኝ፣ መምጣትሽን ነገረችኝ። ዝናብ እየዘነበ ነጠላዋ አልረጠበም። እኔም ፈርቻለሁ፤ ግን ምንም ክፉ አልተናገረችኝም።” ከዚያ የራሷን ነገር አጫወተችኝ። በሽምግልና ተቀምጦ መሬቷን ለባሏ ወንድም የፈረደው አያ ስማቸው ነው አለችኝ። የአባቴ ወንድም።

ያን ዕለት ለሰላማዊት ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። “ሰው እየተከተለሽ ነው” አለችኝ። “የምትሄጂበትን የሚያውቅ፣ ስለ እናትሽም የሚያውቅ ሰው። ሊያስፈራሩሽ ነው፣ ተመለሽ።” እኔም ይህን ማመን ፈልጌ ነበር፤ ሕያው ሰው ቢከተለኝ ይሻለኝ ነበር። ግን ሊያስፈራራኝ የሚፈልግ ሰው ሴቶቹን ሳትደብቁ ንገሯት ይላል? የምሄድበትን ቦታ ሁሉ እያሳወቅኳት ልቀጥል ብዬ ለመንኳት። እሺ አለች።

ወደ አጎቴ ቤት የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ነው። ከላይ በተራራው ላይ የደጋዎቹ ረጃጅም ተክሎች፣ ጅብራዎቹ፣ በጉሙ ውስጥ እንደ ሰው ተሰልፈው ቆመዋል። ጉሙ ሲንቀሳቀስ እነሱ የሚራመዱ ይመስላሉ። እነሱን ላለማየት እግሬን እያየሁ ወጣሁ።

አጎቴን አይቻቸው አላውቅም ነበር። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ጠፍቷል። ባና ተከናንበው ከአጥሩ ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው ተቀምጠዋል። ኮቴዬን ሲሰሙ “ዛሬ ደግሞ ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ?” አሉ።

ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ገብስ ብቻ ነው።

“ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ” አልኳቸው።

“አይደለሽም። ቀትር በሆነ ቁጥር ድንበሩ ላይ ትቆማለች። አላያትም፤ ድምጿን ነው የምሰማው። ልጄን አዝዬ የት ልድረስ ትለኛለች፣ በዚያ በሚያፏጭ አፏ። ያኔም ያለችኝ ይህንኑ ነው።” ጠበል አስረጭተዋል፣ ቄስ አስመጥተው አስጸልየዋል፤ ድምፅሽ አልተዋቸውም። “መቅረጫሽን ክፈችው” አሉኝ።

ከዚያ ተናገሩ። አባቴ በሞተ በዓመቱ ድንበሩን እንዴት እንደገፉ፣ በሬዎቹን እንዴት እንደነዱ፣ አንቺ ስትለምኚ ምን ብለው እንዳባረሩሽ። የየሺንም አልተዉም፤ ለሽምግልና ከመቀመጣቸው በፊት ከባሏ ወንድም ጋር ተስማምተው እንደነበር ተናገሩ። መቅረጫውን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ያዝኩት። አለቀስኩ መሰለኝ፤ ስቀርጽ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ሲጨርሱ ጆሯቸውን ወደ ማሳው አዘነበሉ። ንፋስ አልነበረም። ገብሱ ግን ከድንበሩ ጀምሮ እስከ ቁልቁለቱ፣ ሰው መሀሉን እንደሚያልፍ፣ እየተከፈለ እየተኛ ሄደ።

“ሄደች” አሉ አጎቴ።

ዝግጅቱ ተላለፈ። አጎቴ ወረዳ ፍርድ ቤት በሰው ተመርተው ቀርበው የቀረጽኩትን ቃል በአፋቸው ደገሙት። የሺ ማሳዋን ተረከበች። የእማማ አትጠገብ ገና ነው፤ በየቀጠሮው አብሬያቸው እሄዳለሁ። ያንቺን መሬት አጎቴ መልሰውልኛል። እኔ አራሽ አይደለሁምና ምርቱን እኩል ልንካፈል ለየሺ ሰጥቻታለሁ፤ ዘንድሮ ያበቀለችውን ብታዪው።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል፣ እምየ። ለማታውቂያቸው ሴቶች ታየሽ፤ ለበደለሽ ሰው ሳትቀሪ መጣሽ። ለእኔ ለአንድ አፍታ እንኳ አልታየሽም። ሰው ዘወር በሚልበት በቀትር ጠብቄሽ አውቃለሁ፣ ቀስ ብዬም ጠርቼሻለሁ። ምናልባት ለእኔ የምትነግሪኝን ሁሉ በእነሱ በኩል ነግረሽኝ ይሆናል። ቢሆንም ናፍቀሽኛል።

የፌሎውሺፑ ጊዜ አብቅቷል። የምስክር ወረቀት ሰጡን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ሰላማዊት አቀፈችኝ። ያበቃ መስሎኝ ነበር። ትናንት አንዲት ሴት ከሉማሜ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ደወለች። ባሏ በዚህ ዓመት እንደሞተባት፣ ዘመዶቹም ልቀቂ እያሏት እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “እናትሽ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ላይ ቆማለች፤ ቤት ግቢ ብላት እንቢ አለችኝ። መቼ ነው የምትመጪው?” አለችኝ። ስልኩን ወደ ውጭ እንድትዘረጋልኝ ለመንኳት። የዝናቡን ድምፅ ብቻ ሰማሁ።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ብቻዬን ብሆንም፣ ደሞዝ ባይኖረውም፣ የላክሽኝ ቤት ሁሉ እደርሳለሁ። ስምሽንም በየደረስኩበት እጠራለሁ፤ በላይነሽ የምትባል እናት ነበረችኝ እላለሁ። አንቺ ግን ዝናብ ላይ አትቁሚ፣ እምየ። ሲሉሽ ግቢ። ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀምጠሽ ጠብቂኝ።

ልጅሽ