ያልተወረወረው ዘንግ

አባዬ፣

ከሄድክ ሁለተኛው ጥምቀት ሆነ። የመጀመሪያውን ከቤት ሳንወጣ አሳለፍነው። ዛሬ ግን ልነግርህ የቸኮልኩት ነገር አለ። እጄ ገና ከልጓሙ የተላቀቀ አይመስለኝም።

መካነ ሰላም ሞባይል ገብቷል። መስመሩ የሚገኘው ጉብታው ላይ ስለሆነ ሰው ሁሉ እዚያ ወጥቶ ይጮኻል። የጓሮውን አጥር አድሰናል። ፈረስህ ዳማም ደህና ነው። ስለ እሱ ግን እናቴ ቁርጡን ነግራኛለች። "ጉግስ ግባ፣ አልከለክልህም። ከወደቅህ ግን ፈረሱን አጅባር ገበያ ወስጄ እሸጠዋለሁ።" አንተን የወሰደህ ሳንባህ እንጂ ፈረስ እንዳልሆነ ታውቃለች። ፍርሃት ግን ይህን አይለይም።

ሜዳው ሞልቶ ነበር። የእኛ ወገን መጀመሪያ ሸሺ ሆነ። አሳዳጄ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ሰይድ። ዕድሜህን ሙሉ የገጠምካቸው የማዶው ሰው። "ያ ሰውዬ" ነበር የምትላቸው፣ ስማቸውን አትጠራም። ጠላትህ ይመስሉኝ ነበር።

ጋለብን። እንዴት ልጻፈው። ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ። የዳማ አንገት ሲረዝም። ከኋላዬ ኮቴ። ጋሻዬን ወደ ኋላ አዙሬ ምቱን እጠብቃለሁ፤ አይመጣም። ከዚያ መሬቱ ዘመመ። መሬቱ አልነበረም፣ ኮርቻዬ ነው።

ዳማ ሲጭኑት ሆዱን እንደሚነፋ ዘንግቼ ነበር። ትንሽ አራምዶ የኮርቻውን ጠፍር እንደገና ማጥበቅ የአንተ ሥራ ነበር፤ እኔ ሁልጊዜ ጠብቆ ነበር የምረከበው።

"እግርህን ከእርካቡ አውጣ።" ጋሽ ሰይድ ከጎኔ ደርሰዋል። ዘንጉን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ልጓሜን ጨበጡት። ቆምን። ከወገኖቻቸው አንዱ፣ "ሰይድ፣ ዘንጉን ለምርኩዝ ነው እንዴ ያመጣኸው?" ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው ሳቀ። እሳቸው ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ወርደው የዳማን ሆድ በጉልበታቸው ገፋ አድርገው ትንፋሹን እስኪያወጣ ጠበቁና ጠፍሩን ሳቡት።

"አባትህ ኮርቻው የላላበትን ሰው አይመታም ነበር" አሉኝ። "አንድ ጊዜ ደጎሎ ከተማ ለሰርግ ስንገጥም የእኔን ጠፍር ወርዶ አስሮልኛል። በል አሁን ሽሽ። እንግዲህ አልምርህም።"

ይህን ለምን አልነገርከኝም?

አልማሩኝም። ዘንጉ ጋሻዬ ላይ ሲያርፍ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደነዘዘ። እየሳቅሁ ነበር፣ አባዬ። በተራዬ ሳሳድድ እኔም ትከሻቸውን አገኘሁት።

አመሻሽ ላይ ቤታችን መጡ። ኮርቻዬ መላላቱን ለእናቴ ሊነግሯት ነው ብዬ ሰጋሁ። እሷ ሜዳው ላይ አልነበረችም፣ ምንም አላየችም። ጋሽ ሰይድ ተቀምጠው ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገለጥ አደረጉ። "ዘርፌ፣ ልጅሽ የሠራኝን እይልኝ።" ቦታው አብጧል። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ወድቋል?"

"ወላሂ አልወደቀም።"

እውነት ነው፣ አልወደቅሁም። እናቴ እብጠቱን ደጋግማ አየች። ከዚያ ሳቀች፤ ከሄድክ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም። "እኔ ነኝ ያለ ጉግሰኛ በልጅ ተመታ በለኛ" እያለች የሚቀቡት ቅቤ ሰጠቻቸው። እሳቸውን ሸኝታ ስትመለስ ለዳማ ገብስ ይዛ ገባች። የአጅባርን ስም ያነሳ የለም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። በዚያ ግልቢያ ውስጥ የሌላ ሰው ኮርቻ እንዴት ይታያል? እኔ ያየሁት ትከሻቸውን ብቻ ነበር። የሳቸው ጠፍር ላልቶ ቢሆንስ? አላይም ነበር፤ እወረውር ነበር።

እለምደዋለሁ። አንተን የማስታውሰው በዚህ ይሁን፤ ሰው ሳሳድድ ዘንጌን ከማንሳቴ በፊት ኮርቻውን አያለሁ። ከጠበቀ እወረውራለሁ። ከላላ እወርዳለሁ።

ልጅህ