ሶኬቱን የነቀልሁት እኔ ነኝ

ደባርቅ፣ ግንቦት 2007 ዓ.ም.

ውድ ድረስ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ዘከሪያ ነው፤ በአይሱዙው ሊማሊሞን በሳምንት ሁለቴ ይወርዳል። የውስጡን አያውቅም። አብሬ የላክሁትን ሜሞሪ ካርድ የእንግሊዝኛ መማሪያ ነው ብዬዋለሁ፤ ቢጠይቅህ አንተም እንዲያው በለው።

አዲ አርቃይ ማስተማር ከጀመርህ ሰባት ወር ሞላህ። ዝውውሩን ለምን እንደጠየቅህ ሰው ሲጠይቀኝ "ቆላው ተስማምቶት ነው" እላለሁ። ምክንያቱ ያ ቅዳሜ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ያን ተከታታይ ፊልም ዳባት ስታስተምር፣ በተከራየኸው ቤት፣ በእኔ ላፕቶፕ ያየነውን አልረሳኸውም መቼም። ሁለት ወንዶች፣ በሰው አገር፣ አንድ ቤት፣ አንድ ጃንጥላ። ሰባተኛውን ክፍል ሦስት ጊዜ አስደገምኸኝ። "እንደኛ ላለ ሰውም ፊልም ይሠራል እንዴ?" አልኸኝ። "እንደኛ" ስትል ሰምቻለሁ። ልቤ ሊማሊሞን በሩጫ የወጣ ያህል ይመታ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፊልሙ ያለበትን ፍላሽ እዚህ ደባርቅ፣ የምሠራበት ቪዲዮ ቤት ረስቼው ሄድሁ። ቅዳሜ ገበያተኛው ሞልቶ ሲጠብቅ ባለቤቱ ጋሼ ገዱ ያገኙትን ከፈቱ። "ና እንጂ ምሩቅ! ሰው እየጠበቀ ነው፣ ተርጉም!" ብለው ማይኩን ሰጡኝ። እንግሊዝኛ ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ፣ ፊልም እያየሁ ወዲያው በአማርኛ ማሰማት ነበር እንጀራዬ። ስክሪኑ ላይ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ "ካላንተ ቤቱ ቤት አይሆንልኝም። እወድሃለሁ" አለ። አንተ በሩ አጠገብ ተቀምጠህ ስክሪኑን ትተህ እኔን ታየኝ ነበር።

"ወንድማማቾች ናቸው" አልሁ በማይኩ። "እናታቸው ሞታባቸው ተለያይተው ያደጉ።"

ሽንኩርታቸውን ሸጠው የገቡት እትዬ ወለተ ማርያም በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። "እሰይ! ወንድም እንዲህ ነው እንጂ!"

"የእኔማ ወንድም ድንበሬን ገፍቶ ክስ ላይ ነን!" አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሊሳሳሙ ሲቀራረቡ ሶኬቱን በእግሬ ነቀልሁት። "መብራት ሄደ!" ተባለ፤ ማን ይጠረጥራል? ከአንተ በቀር። አንተ ከበሩ ሆነህ የጎረቤቱ ሻይ ቤት አምፖል እንደበራ ታያለህ። ስትወጣ ትከሻዬን ነካ አድርገህ "ጎበዝ ተርጓሚ ነህ" አልኸኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም።

ድረስ፣ ፈርቼ ነው። ሕግም አለ፣ ሰውም አለ፣ እናቴም አለች። ፍርሃቱ ዛሬም አልለቀቀኝም። ያን ሁሉ ሰው መዋሸቴ ግን አይደለም የሚያንገበግበኝ። እውነቱን የምታውቅ አንተ ብቻ ነበርህ፤ የካድሁትም አንተን ብቻ ነው።

ካርዱ ላይ ሰባተኛው ክፍል አለ። ሦስት ሳምንት ቤት ዘግቼ፣ አንድም ቃል ሳልሸሽግ፣ በድምፄ ተርጉሜዋለሁ። ሶኬት የሚነቅልም የለም። "እወድሃለሁ" የሚለው ላይ ስትደርስ ደግመህ ስማው። ሌላው ሁሉ ትርጉም ነው፤ ያን ግን ያልሁት ራሴ ነኝ።

ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ሥራ እጀምራለሁ፤ ተቀጠርሁ እኮ! ከተማው ሰፊ ነው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የሚቆጥር የለም ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን ሄጄ አየዋለሁ። መልስህን እዚያው ካርድ ላይ ቅዳና በዘከሪያ ላክልኝ። ባዶውን ብትመልሰውም አልቀየምህም። ደብዳቤውን ግን አንብበህ አቃጥለው።

እትዬ ወለተ ማርያም ቅዳሜ በመጡ ቁጥር "እነዚያ ልጆች በኋላ ተገናኙ?" ይሉኛል።

"እኔም እሱን ነው የምጠብቀው እትዬ" እላቸዋለሁ።

ያርጋል